ዋርካው ሥር፦ ቴኒስና ጎልፍ በጠመኔ የሚከራከሩበት ዓሣ ቤት

ሥራዬ ጀልባ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ፣ እንግዳው ጊዜ ካለው ደግሞ እስከ ደጋ እስጢፋኖስ አደርሳለሁ፤ ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ስለዚህ በጊዜ ወጥቼ በጊዜ እመለሳለሁ፤ ምሽቱ የራሴ ነው። ይህን ምሽቴን ከዐሥር ዓመት በላይ የሰጠሁት ለአንድ ዓሣ ቤት ነው። ከተማችን ውስጥ ስለሚበላበት ቦታ ብዙ ይጻፋል፤ ስለዚህ ቤት ግን ማንም ሲጽፍ አላየሁም። የሜዳ ቴኒስ ወይም ጎልፍ የሚወድ ሰው፣ “ከሁሉም የሚበልጠው ማን ነው?” የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው፣ ባሕር ዳር ውስጥ መሄጃ እንዳለው ይወቅ ብዬ ነው የምጽፈው። የስፖርቱን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ በሰሌዳችንም የሚጻፈው እንደዚያው ነው።

ቤቱ ታፔላ የለውም። በሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ ከጊዮርጊስ በኩል ሲመጡ፣ ትልቁን ዋርካ እንዳለፉ ወደ ውሃው የሚወርድ ጠባብ በር አለ። ሰውም “ዋርካው ሥር” ነው የሚለው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ቴሌቪዥኑ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አናጢ በሠራው ሣጥን ውስጥ ሆኖ ማታ ማታ ይቆለፍበታል።

ዓሣውን ላስቀድም፤ ዓሣ ቤት ነውና። ቆሮሶ ነው የሚጠበሰው። አጥማጆቹን በየጠዋቱ ውሃ ላይ ስለማገኛቸው የማን መረብ ስንት ሰዓት እንደተነሣ አውቃለሁ፤ እዚህ ቤት ያደረ ዓሣ ቀርቦልኝ አያውቅም። ሙሉውን፣ ጎኑን ሦስት ቦታ ሰንጥቀው፣ ጨው ገብቶለት እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል። ሎሚና ሰናፍጭ አብሮት ይመጣል። ሰናፍጩን የቤቱ ባለቤት እትዬ ራሷ ናት የምታዘጋጀው፤ አፍንጫን አልፎ ዓይን ድረስ ይሄዳል። ለብለቡም ጥሩ ነው፤ ዱለቱ ግን ቃሪያ ይበዛበታል። ቡናው የዘጌ ነው፣ እኔው ነኝ የማመጣላት። ዋጋውን አልጽፍም፤ በሰሌዳው ግራ ጥግ በጠመኔ ይጻፋል፣ በየሳምንቱም ይጠረጋል። በሁዳዴ ዓሣ አይጠበስም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሌላ ቤት ይካሄድ ብላ ዘግታዋለች፤ ሽሮና ሱፍ ፍትፍት አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከዚህ በፊት የማዘወትረው አንድ ሆቴል ነበር። ስክሪኑ ግድግዳ ያክላል፣ ወንበሩም ይመቻል። ነገር ግን የቴኒሱን ድምፅ ዘግተው ዘፈን ይለቁበታል። ሁለት ጊዜ ለመንኩ፤ አስተናጋጁ “ኳስ አይደል እንዴ፣ ምን የሚሰማ አለው?” አለኝ። አለው እንጂ! ኳሷ የራኬቱን መሀል ስታገኝ የምትሰጠው ድምፅና ጠርዙን ስትነካ የምትሰጠው ድምፅ ለየቅል ነው፤ ኳሷ መረቡን ሳታልፍ ማን እንደተበላሸበት ጆሮ ቀድሞ ያውቃል። የጀልባ ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ከማየቴ በፊት በድምፁ ነው ችግሩን የማገኘው። ዋርካው ሥር ድምፁ ክፍት ነው። ተጫዋቹ ሰርቭ፣ ማለትም ነጥቡን የምትጀምረውን ምት፣ ሊመታ ኳሷን ሲያነጥር ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ጭቅጭቁ የሚጀምረው ነጥቡ ሲያልቅ ነው። ለኔ ይህ ብቻውን ከሆቴሉ ስክሪን ይበልጣል።

ሰሌዳው ጥቁር የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው፤ አንድ ጠርዙ ተሰብሮ በሚስማር ተይዟል። በቀኝ በኩል እንዲህ ተጽፎበታል፦ ጆኮቪች 24፣ ናዳል 22፣ ፌደረር 20። ከሥሩ መስመር ተሰምሮ፦ ኒክላውስ 18፣ ውድስ 15። ከላይ የቴኒስ፣ ከታች የጎልፍ ተጫዋቾች የወሰዷቸው ዋና ዋናዎቹ ዋንጫዎች ናቸው፤ በቴኒስም በወንዶች ጎልፍም በዓመት አራት አራት ናቸው። ቁጥሩ ስለተጻፈ ማንም ጮክ ብሎ በመናገር አንድ ዋንጫ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ አይችልም። ሌላ ቦታ ስንት ምሽት ነው በዚህ ብቻ የሚያልቀው!

ሕጉን ያወጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ የሰውዬውን ስም ከመጥራትህ በፊት መለኪያህን ተናገር። መለኪያህ ዋንጫ ብዛት ከሆነ ዋንጫ ብዛት ተብሎ በስምህ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ስትሸነፍ “አይ፣ እኔ እንኳ ውበቱን ማለቴ ነው” ብለህ መለኪያ ከቀየርክ የጠረጴዛውን ቡና ትከፍላለህ። ከኃይሌና ከቀነኒሳ ማን ይበልጣል የሚለውን ጭቅጭቅ የሰማ ሰው ይህ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። አንዱ ስለ ሲድኒ ያወራል፣ በ2000 ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ስለቀደመባት ሩጫ፤ ሌላው ስለ ሰዓት ያወራል፣ ቀነኒሳ በ2005 በ10,000 ሜትር ስላስመዘገበው 26፡17.53። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን አይሰማም፣ መለኪያቸው ለየብቻ ነውና።

የጋሼ መለኪያ ድምር ነው፤ ስለዚህ ሰውያቸው ጆኮቪች ነው። ከ24ቱ ዋንጫ ሌላ 428 ሳምንት የዓለም አንደኛ ሆኗል። ከናዳል ጋር 60 ጊዜ ተጋጥመው 31 ለ29፣ ከፌደረር ጋር 50 ጊዜ ተጋጥመው 27 ለ23 ይመራል። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ አልካራዝን በሁለት ታይብሬክ (እኩል ሲሆኑ በሚጫወቱት መለያ) አሸንፎ የቀረችውን ወርቅ ሲወስድ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው ጠመኔውን ራሳቸው አነሡ።

ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ደግሞ የናዳል ነው። መለኪያው “በአንድ ነገር ላይ የማይደፈር” የሚል ነው። በፈረንሳዩ ውድድር፣ ሮላን ጋሮስ ላይ 14 ዋንጫ፤ በዚያ ቀይ አፈር ላይ 116 ጊዜ ተጫውቶ የተሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ። “ጋሼ፣ እስቲ በየትኛውም ስፖርት እንዲህ ያለ ሌላ ሰው ይጥሩልኝ” ይላል። እስካሁን የጠራለት የለም።

እኔ የፌደረር ነበርኩ። ቴኒስን ያስተማሩኝ ዘጌ አድርሼ የመለስኳቸው ከባዝል የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እሱም የባዝል ልጅ ነው። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ የሚለውን የነጥብ አቆጣጠር በጀልባው መቀመጫ ላይ የቡና ፍሬ እየደረደሩ አስረዱኝ። ባሕር ዳር ስንደርስ “ፌደረር የሚባል ልጅ አለ፣ እሱን ተከታተል” አሉኝ፤ ተከታተልኩት። ሰውዬው ሲሮጥ እግሩ አይሰማም ነበር። መለኪያዬ ውበት ነበር፤ በሰሌዳውም በስሜ ተጽፎ ለዓመታት ኖሯል።

ያስቀየረኝ የ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ነው። ሐምሌ ነው፣ እሑድ። በሰኔ የክልላችን መሪዎች ከተገደሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ነበርና ከተማችን ገና ከሐዘኗ አልወጣችም፤ ሰውም ከቤት መውጣት የጀመረው ቀስ እያለ ነው። ጨዋታው በኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀመረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጨዋታው “ሴት” በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ ሦስት የወሰደ ያሸንፋል። ፌደረር ሁለተኛውን 6 ለ1፣ አራተኛውን 6 ለ4 ወሰደ፤ አንደኛውንና ሦስተኛውን ጆኮቪች በታይብሬክ። አምስተኛው ላይ ፌደረር 8 ለ7 መርቶ፣ ሰርቩ የሱ ሆኖ፣ 40 ለ15 ደረሰ። ሁለት ነጥብ በእጁ፤ አንዷ ብቻ ትበቃዋለች። ቤቱ ሁሉ ቆሟል።

መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። አንድ ሰው “አለቀ፣ አሸነፈ” አለ፤ ሁላችንም ተቀበልን። እኔ ኪሴን ፈትሼ የሁሉንም ቡና ልክፈል ብዬ ብሩን ዘረጋሁ። እትዬ እጄን መለሰችው፤ “ዓይኔ ሳያይ አልቀበልም” አለች። ጄኔሬተሩ ቤንዚን አልነበረውም፤ ልጁ ከባጃጁ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ መጣ። ገመዱ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ተሳበ። ስክሪኑ ሲበራ መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሩን ነው፦ 11 ለ11። ያለፈውን እየደገሙ መሰለኝ። ጋሼ ግን ወዲያው ገባቸውና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

12 ለ12 ሆነው ታይብሬክ ገቡ፤ ጆኮቪች 7 ለ3 ጨረሰው። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ደቂቃ። በኋላ ጋሼ ያስጻፉት ቁጥር የበለጠ አመመኝ፦ በጠቅላላው ፌደረር 218 ነጥብ፣ ጆኮቪች 204። ብዙ ነጥብ ያገኘው ሰው ተሸነፈ። ሦስቱንም ታይብሬክ፣ ማለትም ነገሩ በጣም የጠበበበትን ቦታ ሁሉ፣ ያሸነፈው ሌላው ነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ለሳምንታትም ከዚያ ቤት ቀረሁ። ጀልባ ላይ ሆኜ ሳስብ ነው ነገሩ የተፈታልኝ። እኛ ጀልባ ነጂዎች አንድን ሰው ጎበዝ የምንለው መቼ ነው? በራሱ ወደብ፣ ጠዋት፣ ውሃው ረግቶ ሳለማ ሁሉም ጎበዝ ነው። ጎበዙ የሚታወቀው እስከ ጎርጎራ ሲሻገር ነው፤ መሀል ላይ ነፋሱ ሲነሣ፣ ዳርቻው በሁለቱም በኩል ሲጠፋ፣ የማያውቀው ወደብ ላይ ሲያቆም። ስለዚህ ተመልሼ ሄድኩና ቡናውን ከፍዬ በስሜ አዲስ መለኪያ አስጻፍኩ፦ በሰው ደጅ ማሸነፍ።

በዚህ መለኪያ ጆኮቪች ነው፤ እወቁት። ናዳልን በናዳል አፈር ላይ፣ ሮላን ጋሮስ፣ በ2015 እና በ2021 ሁለት ጊዜ አሸነፈው። ፌደረር 8 ጊዜ በነገሠበት የዊምብልደን ሣር ላይ በ2014፣ በ2015 እና በ2019 ሦስት ጊዜ በፍጻሜ አሸነፈው። አራቱንም ዋንጫዎች እያንዳንዳቸውን ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ የወሰደ ሌላ ወንድ የለም። የፌደረርን ያህል አልወደውም። ግን ይበልጣል።

ጋሼ በዚህ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ሮድ ሌቨርን አመጡብኝ። ሰውዬው በ1962 እና በ1969 አራቱንም ዋንጫ በአንድ ዓመት ጠቅልሏል፤ በመካከሉ በገንዘብ ስለተጫወተ ብቻ ለአምስት ዓመት ከትልልቆቹ ውድድሮች ታግዷል። “ያልተጫወተውን እንዴት ትደምራለህ?” አሉኝ። መልስ የለኝም። ያልተፈቀደለትን ሰው በድምርም በደጅም መለካት ይከብዳል፤ ስሙ በሰሌዳው ራስጌ፣ ቁጥር ሳይጻፍለት፣ ለብቻው ተቀምጧል።

እትዬ የሴሪና ዊሊያምስ ናት። ስለ ሴሪና ሲነሣ መጥበሻውን ትታ ትመጣለች፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዓሣችሁ ሊያርርባችሁ ስለሚችል ነው። ሴሪና 23 አላት፤ ማርጋሬት ኮርት 24። ልጁ ቁጥሩን ሲያነሣባት እትዬ በጣቷ እየቆጠረች ትመልስለታለች፦ ከኮርት 24ቱ 11ዱ በገዛ አገሯ በአውስትራሊያ የተገኙ ናቸው፣ ያኔ ወደዚያ የሚጓዝ የውጭ ተጫዋች ጥቂት ነበር፤ 13ቱ ደግሞ ውድድሩ በገንዘብ ለሚጫወቱትም ከመከፈቱ በፊት ነው። ሴሪና በ2017 አውስትራሊያን ያሸነፈችው ነፍሰ ጡር ሆና ነው። ከወለደች በኋላ አራት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳ አራቱንም ተሸነፈች። እትዬ እነዚህን አራት ሽንፈቶች እንደ ዋንጫ ነው የምትቆጥራቸው። “ወልደሽ፣ ታመሽ፣ ተመልሰሽ አራት ጊዜ እዚያ መድረስ” ትላለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። እሷም አራት ልጆች አሳድጋ ነው ቤቱን ያቆመችው። ጋሼ ጀርመናዊቷ ሽቴፊ ግራፍ በ1988 አራቱንም ዋንጫና የኦሊምፒክ ወርቁን በአንድ ዓመት እንደወሰደች ሊያነሡ ሲሞክሩ፣ “ይጻፍ፣ ይጻፍ፣ ግን መለኪያዬ እሱ አይደለም” ብላ ወደ እሳቱ ትመለሳለች። በዚህ ቤት ሕጉን እንደሷ የሚያከብር የለም።

ጎልፍ ባሕር ዳር ማን ያያል የሚል ይኖራል። የገና ጨዋታ ያደግንበት ሰዎች ነን፤ ዱላና ሩር ለኛ እንግዳ አይደለም። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” እየተባለ ሹሙም ሎሌውም እኩል ይማታ ነበር። ጎልፍ ላይ ግን የሚገፋህ የለም፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል፤ ባላጋራህ መሬቱ፣ ውሃውና ነፋሱ ነው። ለዚህም ነው እኔ ከቴኒስ ይልቅ ቶሎ የገባኝ።

ከአራቱ የጎልፍ ውድድሮች አንዱ የሆነው የማስተርስ የመጨረሻ ቀን በኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ነው የሚያልቀው፤ እትዬ እስከዚያ ቤቱን አትከፍትም። በ2019 ግን አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሎ ተሰግቶ በጠዋት፣ ሦስት ሦስት ሆነው እንዲጀምሩ ተደረገ፤ ስለዚህ በኛ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አለቀ። የኒቆዲሞስ እሑድ ነበር፤ ሽሮ እየበላን አየነው። ሞሊናሪ ይመራል፤ ታይገር ውድስ አብሮት ነው። 12ኛው ጉድጓድ አጭር ነው፣ ከፊቱ ወንዝ አለ፣ ባንዲራው በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ተተክሏል። ከፊታቸው ከሄዱት ኬፕካና ፖልተር ውሃ ገቡ። ሞሊናሪም መታ፤ ውሃ። እኔ ከመምታቱ በፊት የዛፎቹን ጫፍ አይቼ ነበር፤ ከላይ ወዲያ፣ ከታች ወዲህ ነበር የሚወዛወዙት። ዘጌ ጥግ ላይ ነፋሱ ከዛፍ ጋር ሲጋጭ ልክ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ፊትህ ላይ የሚሰማህን ካመንክ ተሳሳትክ። ታይገር ውድስ ባንዲራውን ተወው። ኳሷን ወደ መሀል፣ ደረቁ መሬት ላይ አሳረፋት። ከሱ ጋር የነበረው ፊናውም ውሃ ገባ። ያን ቀን ውድስ በ43 ዓመቱ፣ ጀርባው ስንት ጊዜ ተቀዶ፣ 15ኛ ዋንጫውን በአንድ ምት ብልጫ ወሰደ። ምቷ ለተመልካች የምታምር አልነበረችም፤ እኔ ግን ተነሥቼ አጨበጨብኩ።

ጋሼ የኒክላውስ ናቸው፦ 18 ዋንጫ፣ 19 ጊዜ ሁለተኛ፣ በ1986 በ46 ዓመቱ ማስተርስን ለስድስተኛ ጊዜ። ድምር ከሆነ አልከራከራቸውም። እኔ ግን ውድስ እላለሁ። በ2000 በዩኤስ ኦፕን፣ ፔብል ቢች ላይ ሁለተኛ የወጡትን በ15 ምት በለጣቸው፤ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) በታች የጨረሰ ከሱ ሌላ አንድም ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው ያሸነፈው መሬቱ ነው፤ መሬቱን ያሸነፈው እሱ ብቻ ነው። በ2008 ደግሞ በዚያው ውድድር የግራ እግሩ አጥንት ተሰነጣጥቆ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ፣ 91 ጉድጓድ ተጫውቶ አሸነፈ። ሰው ሲራመድ እያየሁ ጥርሴን የነከስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጉድለቱን አልደብቅም። የእንግሊዝ ኳስ ባለበት ሰዓት ቴኒስ የለም፤ ጎረምሳው ቤቱን ይሞላዋል፣ እትዬም ገበያዋ ነውና አይፈረድባትም። በክረምት ሲመሽ ትንኙ አያስቀምጥም፤ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። መጸዳጃ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም፣ በጀሪካን ነው። ይህ መስተካከል አለበት፤ በተለይ ሴቶች እንዲመጡ ከተፈለገ። ለእትዬም ነግሬያታለሁ። ለጄኔሬተሩ ግን ከዚያ ሐምሌ ወዲህ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ከሰሌዳው ኋላ ይቀመጣል፤ መሙላቱን የማየው እኔ ነኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጡ እሑድ ከ10 ሰዓት በኋላ ኑ፤ ከዋርካው በኩል ያለችው ጠረጴዛ የጋሼ ናት፣ ተነሡ ሳይሏችሁ ጠይቁ። ባለፈው እሑድ እትዬ በጎልፉ መስመር ሥር የሴት ስም ለምን የለም ብላ ጠመኔውን አንሥታ ነበር። ጋሼ “መለኪያሽ?” አሏት። ቆም ብላ አሰበችና “ለሚቀጥለው ሳምንት” ብላ ባዶ መስመር አሰመረች። እኔ አኒካ ሶረንስታምን ይዤላት እሄዳለሁ፤ 10 ዋንጫ አላት፣ በ2001 ደግሞ አንድ ዙር በ59 ምት የጨረሰች ናት።